ወንድሜ የሰፋው ኪስ

በስደት በምኖርበት አገር፣ ጋርላንድ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ቴክኒሻን ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በሽተኛው ሲመጣ እመዝነዋለሁ፣ ደም ግፊቱን እለካለሁ፣ ክንዱ ላይ በቀዶ ጥገና በተሠራለት የደም መስመር ሁለት መርፌ እሰካለሁ። ከዚያ ማሽኑ ደሙን እያወጣ፣ እያጠበ ሲመልስለት አራት ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሳምንት ሦስት ቀን። ሰው በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ሲቀመጥ የማያወራው ነገር የለም። የልጆቻቸውን ፍቺ፣ የጎረቤታቸውን ውሻ፣ ያልታረቁትን ወንድም፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የራሴን ቤት ታሪክ ከበሽተኛ አፍ እሰማለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አቶ ደምሴ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ወደ እኛ ክሊኒክ የተዛወሩት በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት ነው። አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ሮውሌት፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በዚያ ሺፍት ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ሐበሻ ስለሌለ፣ የመጀመሪያ ቀን «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብዬ በአማርኛ ሰላም ስላቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ደረቴ ላይ ያለውን የስም ባጅ አዩ። «ሙሉ ጓንጉል» ይላል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ በመጣሁ ቁጥር ይጨፍናሉ። መርፌ የሚፈሩ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ያደግኩት ደሴ ነው። አባቴ ጓንጉል ልብስ ሰፊ ነበር። ወንድሜ መስፍን በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ከአባቴ ጎን ተቀምጦ እየሰፋ አደገ። በሰሜን በኩል በነበረው ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ተወሰደ። ከግንባር ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር። አባቴም እናቴም ፊደል ስላልቆጠሩ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ የስፌት መኪናውን ያቆምና መቀሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሰማኛል። «እስቲ ድገሚው» ይለኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ እያለ አንድ ቀን አባቴ ቀበሌ ተጠራ። ደብዳቤ ይሆናል ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠ ካኪ የለበሰ ሰው አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልን።

«የልጅህ ጽሕፈት ነው?»

«እኔ አላነብም ጌታዬ። እሷ ታውቀዋለች» አለ አባቴ።

አየሁት። «ም»ን ሲጽፍ እግሯን አስረዝሞ ወደ ግራ የሚያጥፋት እሱ ብቻ ነበር።

«አዎ፣ የወንድም ጋሼ ነው» አልኩ። ኮርቼ ነው ያልኩት።

«እንግዲያው ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ ወረደ። ሠራዊቱ እንደመረረው፣ እጁ የገባውን ምስጢር ይዞ ወደ ጠላት እንደሚሄድ፣ ማንም እንዳይፈልገው ይላል። ሰውየው እስከ መጨረሻው አስነበበኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ የተማሪ ዩኒፎርም የመስፋት ሥራው ተነጠቀ። ደንበኞቹ ማዶ ወዳለው ሰፊ ተሻገሩ። እኔ ትምህርት ቤት «የከሃዲ እህት» ሆንኩ። አባቴ ሁለት ዓመት አልቆየም። እናቴ የመስፍንን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች፤ ስሙም ከቤታችን ወጣ። እኔ ወንድሜን ጠላሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ክሊኒኩ ልመለስ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ደምሴን አስቀምጬ መርፌዎቹን ሰክቼ ፕላስተር ስለጥፍ፣ ዓይናቸው አለመጨፈኑን አየሁ።

«ልጄ» አሉኝ።

«አቤት።»

«አባትሽ ጓንጉል ልብስ ሰፊ ነበሩ?»

እጄ ቆመ። «አዎ። የደሴ ሰው ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም። አባትሽን አላውቃቸውም። የማውቀው ልጃቸውን ነው። መስፍንን።»

ያን ስም ከማንም አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው!

«ከድቶ ሲሄድ አብራችሁ ነበራችሁ?» አልኳቸው።

«መስፍን አልከዳም» አሉ። «ወንበር ሳቢና ተቀመጪ።»

መቀመጥ አልችልም። ሌሎች ሦስት በሽተኞች አሉብኝ፤ የአንዷ ማሽን ደግሞ በዚያው ቅጽበት መጮህ ጀመረ። «ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብዬ ሮጥኩ። የሴትየዋ ቱቦ ታጥፎ ነው። እሱን ሳስተካክል፣ ቁጥር ስመዘግብ፣ ሌላው ብርድ ልብስ ሲጠይቀኝ፣ «አልከዳም» የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ግፊት ለመለካት ወደ እያንዳንዱ በሽተኛ መመለስ አለብኝ። ታሪኩን የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ቁራጭ ቁራጭ።

በመጀመሪያው ዙር እንዲህ አሉኝ፦ «የመረጃ ክፍል መኮንን ነበርኩ፤ መቶ አለቃ። ሥራዬ ወሬ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ ወሬ መሥራትም ነበር። በምዕራብ በኩል ልናጠቃ ተዘጋጅተን ጠላት በምሥራቅ እንደምንመጣ እንዲያምን ተፈለገ። የሐሰት ካርታ ሠራን። የሐሰት ትእዛዝ ጻፍን፣ ማኅተም አደረግንበት። ብዙ እጅ የነካው እንዲመስል በሻይና በጠመንጃ ዘይት አሸነው። ግን ጠላት እጅ እንዴት ይግባ? አንድ ሰው ይዞት መገኘት ነበረበት።»

በሁለተኛው ዙር ግፊታቸውን እየለካሁ «ለምን እሱን?» አልኳቸው።

«የወታደሮቹን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት የማነበው እኔ ነበርኩ። ጽሕፈቱን ለምጄዋለሁ። ደግሞ መርፌ ያውቃል፤ የመኮንኖቹን ልብስ የሚጠግነው እሱ ነበር። አንድ ጃኬት ሰጠሁትና ውስጡ የማይታይ ኪስ ሥራልኝ አልኩት። በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ስፌቱን በጣቴ ብፈልግ አላገኘሁትም። ‹መቶ አለቃ፣ አባቴ ራሱ ቢፈትሸው አያገኘውም› ብሎኝ ሳቀ። ለማን እንደሚሰፋ አላወቀም።»

የግፊት መለኪያውን ከክንዳቸው ፈታሁ። «ከዚያስ?»

«በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ጃኬት አልብሼ ላክሁት። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትቼ ከፊት ላለው ሻለቃ አድርስ አልኩት። የምትሄደው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አሳየሁት። መንገዱን ጠላት እንደሚጠብቀው አውቅ ነበር።»

ከማሽኑ ጎን ቆሜያለሁ። ደማቸው በቱቦው ውስጥ በፊቴ ያልፋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። የሚቀጥለውን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ስመለስ ጠየቅኋቸው።

«ደብዳቤውስ? እኔ ያነበብኩት ደብዳቤ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያነበብሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ። «ጠላት በመካከላችን ሰዎች ነበሩት። ወረቀቱ ወጥመድ እንዳይመስል መስፍን ከድቶ ሄደ ብለን ራሳችን መፈለግና መርገም ነበረብን። ቤተሰቡም ማመን ነበረበት። የቤቱ ሕፃን ጽሕፈቱን አይታ አረጋገጠች የሚል ሪፖርት መጣልኝ። እ… ያን ቀን ሥራዬ በማማሩ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ፊታቸው አመድ መሰለ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ አላርሙ ጮኸ። ግፊታቸው ወርዷል። የማደርገውን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤ ወንበሩን አስተኝቶ እግር ከፍ ማድረግ፣ ፈሳሽ መልቀቅ፣ ነርሷን መጥራት። ግን ቆምኩ። ሦስት፣ ምናልባት አራት ሰከንድ። እሳቸውም መቆሜን አዩ። ከዚያ እጄ ራሱ ወንበሩን ሳበው። ነርሷ ሮጣ ስትደርስ ፈሳሹ እየገባላቸው ነበር። «ጉድ ጆብ»፣ ጎበዝ፣ ብላኝ ሄደች።

ቀለማቸው ሲመለስ «ሲሞት አይተዋል?» አልኳቸው።

«በሩቅ ማያ መነጽር። አንድ ጥይት ነው። ጠላቶቹ ወርደው ጃኬቱን አወለቁለት።»

«የሠራችሁት ነገር ጠቀማችሁ?»

«ለሦስት ቀን። ለሦስት ቀን አመኑት። በአራተኛው ቀን የያዝነውን ኮረብታ ጥለን ወጣን።»

አንተ ልላቸው ፈለግኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ጦርነቱ ካበቃ በኋላስ? አንድ ሰው ልከው ለአባቴ መንገር አቃትዎት?»

«መጀመሪያ ምስጢር ነበር። በኋላ ደግሞ ፍርሃት ሆነ። ባጅሽን ካየሁ ጀምሮ ዓይኔን እየጨፈንኩ ከረምኩ። ሰውነቴ እያለቀ ነው፤ ይዤው መሄድ አልቻልኩም።»

አራት ሰዓቱ ሲያልቅ መርፌዎቹን ነቀልኩ፣ ቦታውን በፋሻ ተጭኜ ደሙ እስኪቆም ያዝኩ። ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እኔ አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አስተውሉልኝ። እናቴ ወዳለችበት፣ ሌክ ሃይላንድስ ወደሚባለው ሰፈር ስነዳ ደስ ብሎኝ ነበር! አለቀስኩ፣ አዎ፤ ግን እያለቀስኩ እስቅም ነበር። ብቻዬን መኪናው ውስጥ «አባባ፣ ሰማህ? አልከዳም እኮ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ሞቱ አልከበደኝም። እኔ ወንድሜን ድሮ ቀብሬዋለሁ፤ አሁን ስሙን ያገኘሁለት መሰለኝ። ለምስራች እንደሚሮጥ ሰው አፓርታማው ሥር ፓርክ አድርጌ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ።

እማዬ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

«ምነው በጊዜ? ከሥራ አባረሩሽ?»

እግሯ ሥር ተንበረከክሁና እጇን ያዝኩ። «እማዬ፣ ስሚኝ። ወንድም ጋሼ አልከዳም። ውሸት ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ያየ፣ የነበረ ሰው ነገረኝ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርታውን፣ ኪሱን፣ ጃኬቱን፣ ጽሕፈቱን። ፊቷን እያየሁ የሚፈካበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። አልፈካም። ግንባሯን ቋጥራ፣ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ታየኛለች።

«ካልከዳ ታዲያ የት ሄደ?» አለችኝ።

«የትም አልሄደም እኮ እማዬ። እዚያው መንገዱ ላይ…»

ያኔ ነው የገባኝ። ያኔ።

«ሞቷል ነው የምትይኝ?» አለች።

እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

«ሙሉ! ልጄ ሞቷል ነው የምትይኝ?»

ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ለማሰር ሞከረች፤ አልታሰረላትም። እኔ ልርዳት ስል ገፋችኝ።

«አግብቷል ብዬ ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለምንጣፉ። «እዚያ ማዶ። ሚስቱ የእነሱ አገር ሴት ናት ብዬ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቁ አባትሽን ነው የሚመስለው። አፍሮ ነው የማይጽፍልን። እኔ ግን አልተቀየምኩትም፤ አንድ ቀን ይሰማል ብዬ… ይክዳ! ምን ቸገረኝ! ከሃዲ ቢሆን ምን ቸገረኝ፣ ይኑርልኝ እንጂ!»

ያኔ ያላየሁት ሁሉ ታየኝ። ቤተ ክርስቲያን ከሰሜን የመጣ እንግዳ ባገኘች ቁጥር ስለ አገሩ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ሰው የምትጠይቀው ጨዋታ ወዳድ ስለሆነች መስሎኝ ነበር። የደሴን ቤት ስታከራይ አንዷን ክፍል ቆልፋ የተወችው ንፉግነት መስሎኝ ተጣልተንበታል። ስሙን የማትጠራው ከእፍረት መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሰምቶ እንዳይፈልገው፣ ያለበት እንዳይደረስበት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ልጇን ደብቃዋለች።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ወዳጅ ይጠራል፣ ውኃ ይዘጋጃል፣ ማልዶ ተሂዶ ቀስ ተብሎ ይነገራል። እኔ እናቴን እየሳቅሁ አረዳኋት።

«ያን ሰው አምጪልኝ» ያለችኝ በማግስቱ ነው። ለአቶ ደምሴ ቅዳሜ ክሊኒክ ሲመጡ ነገርኳቸው፤ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደግፋ ደረጃውን አወጣቻቸውና እሷ መኪና ውስጥ እንድትቆይ ነገሯት። አቶ ደምሴ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲያጎነብሱ እማዬ «ይቀመጡ» አለቻቸው። ተቀመጡ።

«ጠዋት ነበር?» አለቻቸው።

«ጠዋት።»

«በልቶ ነው የሄደ?»

አሰቡ። «ሻይ ጠጥቷል። በደረቅ ዳቦ።»

«በርዶት ነበር?»

«ጃኬቱ ወፍራም ነበር፣ እናቴ።»

«ማን ቀበረው?»

ጣታቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይዞ ቀረ።

«እናንተ አልቀበራችሁትም?»

«አልቀበርነውም።»

እማዬ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ አንቱታውን ትታ፣ «አንተ» አለቻቸው። «አርባ ዓመት ዋሽተህ አቆየህልኝ። በውሸትህ ስኖር ነበር፤ ልጅ አስወልጄው፣ አሽምግዬው ነበር። ትንሽ ብትጨምርበት ምን ነበር? እኔ እኮ ስንት ቀረኝ? ምን ነበር ዝም ብትል?»

አቶ ደምሴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ።

በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጥን። የሰፈሩ ሐበሻ ምግብ ይዞ እየመጣ «መቼ ነው ያረፈው?» ሲል ምን እንደምንመልስ ግራ ይገባን ነበር። «ትናንት» ትላለች እማዬ። ማንም አልተቃወማትም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ትፈርዱብኝ ይሆናል፤ ፍረዱ። እኔም እነዚያን ወረቀት የሚያሹ ሰዎች ስፈርድባቸው ከርሜያለሁ። አንድ የሐሰት ደብዳቤ ጽፎ አንድ ኮረብታ ለሦስት ቀን የያዘ ሰው፣ አባቴን ገድሎ፣ እኔን ወንድሜን አስጠልቶ፣ እናቴን ደግሞ በተስፋ አኑሮ ሲያበቃ፣ ሒሳቡን ማን ይሠራዋል? እኔ አልቻልኩም። የተለወጠብኝ ነገር ግን አለ። እውነት በተገኘች ቁጥር ሮጦ መንገር ጽድቅ ይመስለኝ ነበር። አቶ ደምሴ ሊቀልላቸው ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔም ሊቀለኝ ለእናቴ ነገርኳት። አሁን አንድ ነገር ለሰው ለመንገር ስነሳ እጄ በር ላይ ይቆያል። እንዳትነግሩ አልላችሁም። የምትነግሩት ሰው በምታፈርሱት ነገር ውስጥ እየኖረ እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ ነው የምላችሁ። ብነግራት ይሻል ነበር ወይስ ብተወው? እስከ ዛሬ መልሱ የለኝም። ማልዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሰብስቦ መንገር ግን እችል ነበር። ለእሱ ምክንያት የለኝም።

አቶ ደምሴ አሁንም ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ። አለቃዬ ሌላ ቴክኒሻን ልስጣቸው ብትል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መርፌውን እሰካለሁ፣ እሳቸው ያዩኛል፣ አናወራም።

በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ አለችኝ። ጸሎት ላይ የሚነሳ የቤተሰብ የክርስትና ስም የምትሰጥበት ወረቀት አላት፤ ድሮ አንድ ሰው ጽፎላት በየዓመቱ የምትሰጠው። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ረድፍ ነው፤ የሕያዋንና የሙታን። በሕያዋን ረድፍ ከሁሉ በላይ፣ ከእኔም በፊት፣ የወንድሜ የክርስትና ስም አለ።

«አዲስ ጻፊልኝ» አለችኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። የእኔን፣ የልጆቼን፣ የእሷን። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወርጄ የአባቴን ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

«ጻፊው እንጂ ልጄ» አለችኝ። «ቄሱ ቆመው እየጠበቁን ነው።»

ጻፍኩት።